የጋሽ ዳርጌ ሰደሪያ

ጋሽ ዳርጌ ማረፋቸውን የሰማሁት አየር ጤና፣ የምሠራበት ጋራዥ ውስጥ፣ መኪና ሥር ተንጋልዬ ነው። የደወለችልኝ ባለቤቴ ሰናይት ናት። «ሳሚ፣ ጋሽ ዳርጌ አረፉ» አለች። ሰው እንዲህ ሲባል «ነፍስ ይማር» ይላል፣ ወይም ያለቅሳል። ከእኔ አፍ የወጣው ግን «ለብሰውት ነበር?» የሚል ጥያቄ ነው።

«ምኑን?» አላለችኝም። ጋሽ ዳርጌን የሚያውቅ ሰው «ምኑን» ብሎ አይጠይቅም።

«አልጋ ላይም አላወለቁትም አሉ» አለች።

ሰደሪያቸውን ነው። የገደላቸው ስኳር መሆኑን አስቀድሜ ልናገር። ብርድ ገደላቸው የሚል ወሬ ቢነሳ ከመቃብር ወጥተው እንደሚከራከሩ ስለማውቅ ነው። ብርድ እሳቸውን የሚያገኝበት ቀዳዳ አልነበረውም፤ አንዴ ብቻ አግኝቷቸዋል፤ እሱንም እነግራችኋለሁ።

ጋሽ ዳርጌ ከሠላሳ ዓመት በላይ የአደን መሪ ነበሩ። የውጭ አገር ሰዎች ፈቃድ አውጥተው፣ ውቅያኖስ ተሻግረው፣ አንድ ያረጀ የደጋ አጋዘን ለማደን ባሌ ተራራ ድረስ ይመጣሉ። እነዚህ ሰዎች በአገራቸው ትልልቅ ሐኪሞችና ነጋዴዎች ናቸው፤ ጫካ ውስጥ ግን የራሳቸውን እግር እንኳ የት እንደሚያሳርፉት አያውቁም። ስለዚህ ከፊት ቀድሞ ዱካ የሚያነብ፣ ነፋስ የሚያሸት፣ ሽማግሌውን ወንድ ከጎረምሳው የሚለይ፣ በመጨረሻም «አሁን» ወይም «ተው» የሚል ሰው ያስፈልጋቸዋል። ያ ሰው ጋሽ ዳርጌ ነበሩ። ቤታቸው ግን እዚሁ ኮልፌ ነው፤ ከቆሻሻ መጣያው ከቆሼ ወዲህ፣ ነፋሱ ሲዞር ሰው ሁሉ ተነስቶ መስኮት የሚዘጋበት ሰፈር።

አባታቸው ከጉራጌ አገር መጥተው ልብስ ሲሰፉ የኖሩ ሰው ስለነበሩ ጋሽ ዳርጌም የስፌት መኪና መርገጥ በልጅነታቸው ተምረዋል። ሰደሪያዋን የሰፏት ራሳቸው ናቸው፤ ከአሮጌ የወታደር ካፖርት። ጥቁር አረንጓዴ፣ የሱፍ፣ ባለ ሰባት ኪስ። በስድስቱ ኪሶች ውስጥ ጥይት፣ ቢላ፣ ክብሪት፣ መርፌና ክር፣ ከረሜላ፣ እንዲሁም ባለቤታቸው እትዬ ብርቄ የሰጧቸው ትንሽዬ አዲስ ኪዳን ነበሩ። ሰባተኛው ሁልጊዜ ባዶ ነው። አንድ ቀን «ጋሼ፣ ይሄኛው ውስጥ ምን አለ?» ብዬ ጠየቅኳቸው።

«ቦታ» አሉኝ።

እንግዲህ ይህችን ሰደሪያ ተራራ ላይ ብቻ ቢለብሷት ኖሮ ሰው ሁሉ አዋቂ ይላቸው ነበር። ችግሩ በሚያዝያ ፀሐይ ኮልፌ ገበያ ውስጥም መልበሳቸው ነው። ሠርግ ላይ ለብሰዋት ይመጣሉ። ለእሁድ አምልኮ ለብሰዋት ይሄዳሉ፤ መዘምራኑ በላብ ሲታጠቡ እሳቸው እስከ አንገታቸው ቆልፈው ያጨበጭባሉ። ሰፈር ውስጥ ሰው ጉንፋን ቢይዘው፣ ወገቡን ቢያመው፣ ትዳሩ ቢፈርስ የጋሽ ዳርጌ ምርመራ አንድ ነው፤ «ደረቱን ሜዳ ላይ ጥሎ እየሄደ ምን ይጠብቅ ነበር?» ትዳርና ደረት ምን እንደሚያገናኛቸው ለማስረዳት ሰዓት የሚፈጅ ማብራሪያ ስለነበራቸው ማንም ደፍሮ አይጠይቃቸውም።

ታክሲ ውስጥ ደግሞ ሌላ ጣጣ ናቸው። ከጦር ኃይሎች ወደ አየር ጤና የሚሄድ ሚኒባስ ውስጥ መስኮት መክፈት ምን ማለት እንደሆነ የአዲስ አበባ ሰው ያውቃል። አንዱ ይከፍታል፣ አምስቱ «ምች ልታስመታን ነው?» ብለው ይጮኻሉ። ጋሽ ዳርጌ ገብተው ይቀመጡና መስኮቱን እስከ ጫፍ ይከፍቱታል። ጩኸቱ ሲነሳ ረጋ ብለው ዞር ይሉና፣ «እኔ ሰደሪያ ለብሻለሁ። እናንተ ለምን አልለበሳችሁም?» ይላሉ። አንድ ጊዜ አንዲት ሴትዮ በንዴት ወረደች። ጋሽ ዳርጌ በመስኮቱ አንገታቸውን አውጥተው «ጨርቁን ይዘው ከመጡ እሰፋልዎታለሁ!» ሲሉ ሰምቻለሁ። ከልባቸው ነው፤ ሊያሾፉ አልነበረም። ቢያሾፉ ኖሮ ይሻል ነበር።

እሳቸው ባሉበት የአደን ድርጅት ሹፌርና ረዳት ሆኜ ከእሳቸው ጋር መሥራት ስጀምር ሠላሳ አንድ ዓመቴ ነበር። አዲስ ያገባሁ ነኝ፤ መንጃ ፈቃድ አለኝ፤ ከሁሉም በላይ ጃኬት አለኝ። መርካቶ ገብቼ ግማሽ ቀን ተከራክሬ የገዛሁት፣ እንደ ፍራሽ የተነፋ፣ ስራመድ የሚንሿሿ ጃኬት። እሱን ከለበስኩ በኋላ ባሌን ቀርቶ ሰሜን ዋልታን የምፈራ አይመስለኝም ነበር። መኪናው ጋ ስንገናኝ ጋሽ ዳርጌ ከላይ እስከ ታች አዩኝ።

«ከውስጥ ምን ለብሰሃል?»

«ካናቴራ።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ ጃኬት ነው፣ ጋሼ።»

«ሰደሪያህስ?»

«ጃኬቱ ይበቃኛል።»

ራሳቸውን ነቀነቁ። «እሺ» አሉ። በኋላ እንደተማርኩት፣ ጋሽ ዳርጌ «እሺ» ካሉ የሚመጣውን ሊያዩ ቁጭ ብለዋል ማለት ነው።

እንግዳችን ሰባ ዓመት የሚጠጋው የጥርስ ሐኪም ነበር፤ ትሑት፣ ዝምተኛ፣ እንደ ጋሽ ዳርጌ የሱፍ ሰደሪያ የለበሰ። ሁለቱ ሲተያዩ የጠፋ ወንድሙን እንዳገኘ ሰው ነው የተጨባበጡት። እርስ በርስ ቁልፋቸውን እየነኩ ተደናነቁ። እኔ ጃኬቴን ይዤ ዳር ቆምኩ።

ጠዋት አስራ ሁለት ሰዓት ላይ ዳገቱን ጀመርን። ሩብ ሰዓት ሳንሄድ ጃኬቴ ውስጥ ምጣድ የተጣደ መሰለኝ። ላቤ በጀርባዬ ይወርዳል። ላውልቀው ብል ከሥሩ ያለው ካናቴራ ብቻ ነው፤ ነፋሱ ደግሞ ቆዳ ይልጣል። ሁለቱ ሽማግሌዎች ከፊቴ የሰደሪያቸውን ቁልፍ ፈትተው፣ እየተነፈሱ፣ ደረቅ እንደሆኑ ይወጣሉ። ገደሉ አፋፍ ላይ ስንደርስ ቁልፋቸውን ዘግተው ተቀመጡ። እኔም ተቀመጥኩ። ከዚያ ያ ሁሉ ላብ በረደ። ጃኬቴ ብርዱን እንዳይወጣ አድርጎ ያዘልኝ። እንዴት ያለ ጥሩ ጃኬት ነው!

አንድ ሰዓት ያህል ጠበቅን። በመጨረሻ አንድ ትልቅ ወንድ አጋዘን ከጫካው ወጣ፤ ቀንዱ እንደ ጠመዝማዛ ዓምድ የቆመ። ሐኪሙ ቀስ ብሎ ጠመንጃውን አነሳ። በዚያች ቅጽበት ጸጥታው ውስጥ አንድ ድምፅ ተሰማ፤ ቀጭን፣ ፈጣን፣ እንደ ጽሕፈት መኪና ያለ። አጋዘኑ ቀና አለ። ሐኪሙም ዞረ። ጋሽ ዳርጌም ዞሩ። የእኔ ጥርስ ነው። በሁለት እጄ አገጬን ብይዘው እጄም አብሮ ይንቀጠቀጣል። አጋዘኑ ሁለተኛ አላየንም፤ ገብቶ ጠፋ።

ሐኪሙ በቋንቋው የሆነ ነገር አለ። ጋሽ ዳርጌ ተረጎሙልኝ፦ «ጥርስህ ጤነኛ ነው፤ ድምፁ ጥርት ያለ ነው ይላል።»

ስንወርድ ትምህርቱ ተጀመረ። ሳይወዱ የተማሩት ነገር አይረሳምና እስከ ዛሬ ቃል በቃል እለዋለሁ። «ደረት ሲበርደው ደሙን ከእጅና ከእግር ይጠራል፤ እጅህ የሚንቀጠቀጠው ለዚህ ነው። ስለዚህ መጀመሪያ የምታለብሰው ደረትህን ነው። ክንድህ ነፃ መሆን አለበት፤ የተነፋ ጃኬት ትከሻህ ላይ ጠመንጃ አያስቀምጥልህም። ጨርቅህ ድምፅ አይኑረው። ዝናብ ከመጣ ጃኬቱን ከላይ ትደርባለህ፤ ሰደሪያው ግን ከሥር አይለይህም። ስትወጣ ፍታው፣ ስትቀመጥ ቆልፈው።»

«ያው ብንስት አጋዘኑ ይተርፋል፤ ምን ችግር አለው?» አልኩ። ተናድጃለሁ።

ቆሙ። «መሳትማ ደግ ነው» አሉ። «የሚያስፈራው ግማሽ መሳት ነው።»

ያኔ አልገባኝም። ሰደሪያም አልለበስኩም። አንድ ጊዜ ተዋርጄ ሐሳቤን ብቀይር ምን ልባል ነው? በካናቴራው ላይ ሹራብ ጨመርኩና ጉዳዩን በክብር ፈታሁት፤ ማለቴ፣ በሁለት ዓመት ውስጥ ስድስት ጊዜ ጉንፋን ያዘኝ።

በሦስተኛው ዓመት አዲስ ሥራ አስኪያጅ ተሾመልን። አቶ ቢንያም ይባላል፤ ወጣት፣ የተማረ፣ በሕይወቱ የተራመደበት ረጅሙ ዳገት ጦር ኃይሎች ያለው የቢሮአችን ደረጃ የሆነ። በመጣ በወሩ ስብሰባ ጠራ። ግድግዳው ላይ በምስል እያሳየ አዲሱን የደንብ ልብስ አስተዋወቀን፤ ጀርባው ላይ የድርጅቱ አርማ የታተመበት፣ የሚያብረቀርቅ ናይለን ጃኬት። ሁላችንም አጨበጨብን። ስብሰባ ላይ ሌላ ምን ይደረጋል?

«ከዛሬ ጀምሮ» አለ፣ «ሰደሪያ የለም። ከላይ ከተለበሰ አርማውን ይሸፍናል፤ ከሥር ከተለበሰ ሰውን ያሳብጣል፤ ፎቶ ላይ አያምርም። ደግሞም የድሮ ነገር ነው።»

ጋሽ ዳርጌ እንደ ተማሪ እጃቸውን አወጡ። «አንድ ጥያቄ ነበረኝ።»

«ይቀጥሉ፣ ጋሼ።»

«እርስዎ ራስዎ ከኮትዎ ሥር የለበሱት ምንድነው?»

ሁላችንም አየን። አቶ ቢንያም ባለ ሦስት ክፍል ሙሉ ልብስ ለብሷል፤ ግራጫ ሰደሪያ፣ አምስት ቁልፍ፣ ሁሉም የተቆለፈ። ቢሮው ውስጥ ያለው ብርድ ከባድ መሆን አለበት።

«ይሄ… ይሄ እኮ የሙሉ ልብሱ አካል ነው» አለ።

«እኔም እኮ የምለው ያንኑ ነው» አሉ ጋሽ ዳርጌ፤ «ያለ እሱ ሙሉ አይሆንም።»

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። እኔም ሳቅሁ። አቶ ቢንያም ብቻ አልሳቀም። አንዳንድ ሰው ሲሳቅበት ፊቱ ይቀላል፤ የእሱ ፊት ግን ማስታወሻ የያዘ ነው የመሰለኝ።

ያው የጥርስ ሐኪም በዚያ ዓመት ተመልሶ መጣ። ይህን ጊዜ አቶ ቢንያም ራሱ ካሜራ ይዞ አብሮን ወጣ። ድንኳን የተከልንበት ቦታ እንደደረስን ለሐኪሙ አዲሱን ጃኬት በስጦታ አበረከተለት፤ ፎቶ ተነሱ። በማግስቱ ጠዋት ሐኪሙ ያንኑ ጃኬት በሸሚዝ ላይ ደርቦ ከድንኳኑ ወጣ። ጋሽ ዳርጌ በእጃቸው ደረታቸውን ነክተው ጠየቁት። ሐኪሙ ወደ አቶ ቢንያም በዓይኑ አሳየና ትከሻውን ሰበቀ። ጨዋ ሰው ነው፤ ስጦታ የሰጠውን ሰው ቅር ላለማሰኘት ሰደሪያውን ትቷት መጣ።

ጋሽ ዳርጌ ግን የደንቡን ጃኬት ከላይ ለብሰው ሰደሪያቸውን ከሥር አድርገዋት ነበር። ዚፑ እምቢ ብሎ ስላበጠ ማንም ሊያየው ይችል ነበር። አቶ ቢንያም አየ።

አራት ሰዓት ገደማ በረዶ የቀላቀለ ዝናብ መጣ። ሲያባራ ጉም ወረደ። ከዚያ፣ ሁልጊዜም በማይመች ሰዓት ነውና፣ አንድ ያረጀ ወንድ አጋዘን ብቻውን አስታ ከሚባለው ቁጥቋጦ ወጥቶ ቆመ። ሐኪሙ ጠመንጃውን ደገፈ። እጁን አየሁት። የእኔን የዚያን ጊዜውን ጥርስ የመሰለ እጅ ነው። ጋሽ ዳርጌም አዩ፤ «ተው» አሉ። ተኩሱ ቀደማቸው።

አጋዘኑ ተንገዳገደ፤ ወደ ጫካው ገባ። ቦታው ላይ ስንደርስ ሣሩ ላይ ያለው ደም ጥቁር ነበር፤ የሆድ ደም። ጋሽ ዳርጌ ደሙን በጣታቸው ነክተው አሸተቱና ፊታቸው አመድ መሰለ። ግማሽ መሳት ማለት ምን እንደሆነ ያኔ ገባኝ። እንዲህ የተመታ እንስሳ ወዲያው አይሞትም። አንድ ቀን፣ ሁለት ቀን ይቆያል።

ሐኪሙ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ፊቱን በእጁ ሸፈነ። አቶ ቢንያም ካሜራውን ቦርሳው ውስጥ ከተተና «እንውረድ፤ እንግዳው በርዶታል። ነገ እንፈልገዋለን» አለ።

«እርስዎ እንግዳውን ይዘው ይውረዱ» አሉ ጋሽ ዳርጌ። «አብሮን የመጣው የአካባቢው ጠባቂ መንገዱን ያሳይዎታል። እኔ እከተለዋለሁ። ሳሚ ከእኔ ጋር ይመጣል።»

ሳሚን ማንም አልጠየቀውም።

ደሙን እየተከተልን ቁልቁል ገባን። የደንቡ ናይለን ጃኬት በየቅርንጫፉ ይንሿሿል፤ አርማው ግን በጣም ያምራል። አንድ ትንሽ ወንዝ ስንሻገር ድንጋዩ ከዳኝና እስከ አንገቴ ውሃ ውስጥ ገባሁ። ተነስቼ መንገድ ቀጠልኩ። ትንሽ ቆይቶ ብርዱ ለቀቀኝ፤ ደስ የሚል እንቅልፍ መጣብኝ። «ጋሼ፣ እዚህ ጋ ትንሽ ልቀመጥ» ለማለት ፈልጌ አፌ ውስጥ ቃሉ ተጠቀለለብኝ።

ጋሽ ዳርጌ ዞረው አዩኝና ጠመንጃቸውን ዛፍ ላይ አስደገፉ። እንደ ሕፃን አወለቁኝ፤ ካናቴራዬን ጨምቀው ወረወሩት። ከዚያ የራሳቸውን ጃኬት አወለቁ፣ ሰደሪያቸውን አወለቁ፣ ባዶ ቆዳዬ ላይ አለበሱኝና እስከ አንገቴ ቆለፉት። የሰውነታቸው ሙቀት ገና አልወጣለትም ነበር። አንድ ከረሜላ አፌ ውስጥ ከተቱልኝ። ሰዓታቸውን አዩ። «ሰባት ሰዓት ሆኗል» አሉ፤ «ሳይመሽበት እንድረስለት።»

«እርስዎስ?» አልኩ፣ ምላሴ ሲፈታ።

«እኔ ሠላሳ ዓመት ሞቆኛል። ይበቃኛል።»

ያገኘነው አስር ሰዓት አልፎ ነው። አንድ ዛፍ ሥር ተኝቶ ነበር፤ አንገቱን ግን አላወረደም። ተመለከተን። ጋሽ ዳርጌ ጠመንጃቸውን አነሱ፤ እጃቸው ተንቀጠቀጠ። መልሰው አወረዱት። ሁለት እጃቸውን ብብታቸው ውስጥ ከተው ዓይናቸውን ጨፍነው ቆሙ። ምን ያህል እንደቆሙ አላውቅም። ሰደሪያዋ እኔ ላይ ናት፤ ላውልቅ ስል በዓይናቸው ከለከሉኝ። እጃቸውን አውጥተው ተመለከቱት። ጸጥ ብሏል። ከዚያ አንድ ጊዜ ተኮሱ።

ባርኔጣቸውን አውልቀው «ይቅርታ» አሉ። አጋዘኑን ይሁን ሌላ ማንን፣ አልጠየቅኩም።

በሦስተኛው ቀን ጋሽ ዳርጌ በሳምባ ምች ተኙ። ብርድ ያገኛቸው ያቺን አንዴ ነው። አቶ ቢንያም ደግሞ በዚያው ሳምንት ቢሮው ጠራኝ። ሐኪሙ አገሩ ሲገባ ጃኬቱን የሚመለከት ጨዋ ግን የማያሻማ ደብዳቤ ጽፎ ኖሯል፤ ስለዚህ ጥፋተኛ ያስፈልጋል። ጃኬቱ ጥፋተኛ ሊሆን አይችልም፤ በሥራ አስኪያጁ የተመረጠ ነው።

«አንድ ነገር ብቻ ነው የምጠይቅህ» አለኝ። «አቶ ዳርጌ የዚያን ቀን ሰደሪያ ለብሰው ነበር ወይስ አልለበሱም?»

«ለብሰው ነበር፤ ግን…»

«ግኑ አያስፈልግም።»

የተጻፈ ወረቀት አቀረበልኝ። «አቶ ዳርጌ በዕለቱ የድርጅቱን የደንብ ልብስ መመሪያ በመጣስ ቀኑን ሙሉ ሰደሪያ ለብሰው ሲሠሩ አይቻለሁ» ይላል። ከዚያ፣ እንደ ዋዛ፣ የቡድን መሪነት ቦታ ሊለቀቅ እንደሚችል አነሳ። ሰናይት እርጉዝ ነበረች። ይህን የምላችሁ እንድታዝኑልኝ ነው፤ ለራሴም ለብዙ ጊዜ ስለው ኖሬአለሁ። ፈረምኩ።

ጋሽ ዳርጌ የስንብት ደብዳቤያቸውን የተቀበሉት አልጋ ላይ ነው። እኔ ቡድን መሪ ሆንኩ። ጀርባዬ ላይ ትልቁ አርማ፣ ደረቴ ላይ ትንሹ። ፎቶ ላይ በጣም አምር ነበር።

እሳቸው ሲሻላቸው አየር ጤና፣ ከፌርማታው ጀርባ አንዲት የቆርቆሮ ሱቅ ተከራይተው ልብስ መስፋት ጀመሩ። እትዬ ብርቄ ቁልፍ ይተክላሉ፤ እሳቸው መኪናውን ይረግጣሉ። እኔ ደግሞ በዚያ በኩል መሄድ አቆምኩ። ሦስት ዓመት ሙሉ መንገዱን ተሻግሬ፣ ጭቃ እየረገጥኩ፣ ጎማ ቤቶቹን ታክኬ ሄድኩ። ለሰናይት አቋራጭ ነው አልኳት። አቋራጭ መንገድ አሥር ደቂቃ ሲያስረዝም ያየችው የመጀመሪያው እሱ ይመስለኛል።

አንድ ቀን ያ የመርካቶ ጃኬቴ ዚፑ ተበላሸ። ሰናይት ሳትነግረኝ ወስዳ እሳቸው ጋ ሰጠችው። በሳምንቱ ባዶ እጇን ተመለሰች። «ልብስ ሰፊው አልሰጥም አሉ» አለችኝ። «ባለቤቱ ራሱ መጥቶ ይለካው ነው የሚሉት። ታውቃቸዋለህ እንዴ?» ጋሽ ዳርጌን ያኔ በወሬ እንጂ በመልክ አታውቃቸውም ነበር።

ሄድኩ። እትዬ ብርቄ በር ላይ ተቀምጠዋል፤ ሰላም ብለው አሳለፉኝ። ጋሽ ዳርጌ በከንፈራቸው መርፌ ይዘው ጃኬቱን አለበሱኝ፤ ዞር በል አሉኝ፤ ዞርኩ። ፊቴን ወደ ግድግዳው አዙሬ ስለነበር ነው መሰለኝ መናገር የቻልኩት።

«ጋሼ፣ ያን ወረቀት የፈረምኩት እኔ ነኝ።»

«አውቃለሁ። ግልባጩ ደርሶኛል።»

«ይቅርታ ያድርጉልኝ።»

«ለምኑ?» መርፌዎቹን ከከንፈራቸው አወጡ። «ለብሼ ነበር እኮ። አልለበሱም ብለህ ቢሆን ነው ውሸቱ።» ትከሻዬን ይዘው ወደ እሳቸው አዞሩኝ። «ያጠፋኸው አንድ ነገር ነው። ‘ቀኑን ሙሉ’ ብለሃል። ቀኑን ሙሉ አይደለም፤ እስከ ሰባት ሰዓት ነው። ከሰባት ሰዓት በኋላ የለበስከው አንተ ነህ።»

በቁጣ ቢሉት ደስ ባለኝ። ያሉት ግን ሱሪ ሁለት ሴንቲ ረዝሟል እንደሚል ሰው ነው። ጃኬቱን አጣጥፈው ሰጡኝና ወደ መኪናቸው ተመለሱ።

በማግስቱ ቢሮ ገብቼ በእጄ ጻፍኩ። «አቶ ዳርጌ በዕለቱ ሰደሪያ የለበሱት እስከ ቀኑ ሰባት ሰዓት ብቻ ነው። በሰባት ሰዓት አውልቀው ለእኔ አለበሱኝ። በዚህ ምክንያት እኔ በሕይወት ተመለስኩ፤ እሳቸው ታመሙ። እሳቸው ‘ተው’ ብለው እንደነበርም ሰምቻለሁ። ያኔ ይህን ያልጻፍኩት ስላልተጠየቅኩ አይደለም፤ ሹመቱን ፈልጌ ነው።»

አቶ ቢንያም ሁለት ጊዜ አነበበው። «ፋይሉ ከተዘጋ ሦስት ዓመት ሆነው። አሁን ይሄ ምን ይጠቅማል?» አለኝ። ጥያቄው፣ እውነቱን ለመናገር፣ ጥሩ ጥያቄ ነበር። መዝገብ ቤት ሄጄ «ገቢ» የሚለውን ማኅተም አስመታሁበት፤ አንድ ግልባጭም ወሰድኩ። በሳምንቱ የእኔ የሥራ መደብ በመልሶ ማዋቀር ምክንያት ታጠፈ። እንዲህ ፈጣን ማዋቀር አይቼ አላውቅም። ጋራዡን የተቀላቀልኩት ያኔ ነው።

ግልባጩን ይዤ ወደ ሱቃቸው ስሄድ ሁለት ደንበኞች ቆመው ነበር። ወረቀቱን ሰጠኋቸው። መነጽራቸውን አደረጉና ቀስ ብለው አነበቡ፤ እንደገና ከመጀመሪያው ጀመሩ። ጨርሰው ሲያበቁ ለባለቤታቸው አቀበሏቸው።

«ብርቄ፣ እስቲ አንብቢልኝ» አሉ። «ጮክ ብለሽ።»

እትዬ ብርቄ ግራ ገብቷቸው እሳቸውንም እኔንም አዩን። ከዚያ ማንበብ ጀመሩ። ጋሽ ዳርጌ ከወንበራቸው ተነሱ። ሁለት እጃቸውን ከጎናቸው አድርገው፣ አንገታቸውን ቀና አድርገው፣ ንባቡ እስኪያልቅ ቆመው ሰሙ። ከደንበኞቹ አንደኛው ምን እንደሆነ ሳይገባው ኮፍያውን አወለቀ። እኔ ወለሉ ላይ የወደቀውን ክር ነበር የማየው።

እትዬ ብርቄ ጨርሰው ማኅተሙን ሳይቀር አነበቡ። ወረቀቱን አጣጥፈው የት እንደሚያስቀምጡት አላወቁም፤ መጨረሻ ላይ ደረታቸው ላይ ያዙት።

«በቃ» አሉ ጋሽ ዳርጌ። ተቀመጡ። ክር ሊያስገቡ መርፌውን አነሱ፤ አንዴ ሞከሩ፣ ሁለቴ ሞከሩ፤ አልገባላቸውም። ጠጋ ብዬ አስገባሁላቸው። አላመሰገኑኝም፤ ወንበር በእግራቸው ወደ እኔ ገፋ አደረጉልኝ።

ኮፍያውን ያወለቀው ሰውዬ ትንሽ ጠበቀና፣ ሱሪው መቼ እንደሚደርስለት ጠየቃቸው።

«ለቅዳሜ» አሉ፣ እና መኪናውን መርገጥ ጀመሩ።